ትንሽ ካምፓኒ ይዞ ከናሳ የሪሰርች ብር ለማግኘት ከየት ይጀመራል?

አሜሪካ ያለን ሀበሻ ኢንጂነሮች ስንገናኝ ወሬያችን ያው ስራ ቅያሬ፣ ቤት መግዛት፣ ቢዝነስ ከተነሳም ሆም ኬርና ትራክ ነው። ናሳ ከተነሳ ዶ/ር ቅጣው እጅጉ ይጠራና "እሱማ ሌላ ጭንቅላት ነው" ተብሎ እዛው ይዘጋል። እኔን ግን የሚቆጨኝ ነገር አለ፣ ናሳ ለትናንሽ ካምፓኒዎች ብቻ ብሎ የሚመድበው የሪሰርች ብር እንዳለ፣ ለማመልከትም ፒኤችዲ እንደማይጠየቅ፣ ሁለት ሰው ያለበት ኤልኤልሲም መወዳደር እንደሚችል የሚያውቀው ሰው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደረስ ልጻፈው፣ ረዘም ይላል ግን ታገሱኝ።

ፕሮግራሙ ኤስቢአይአር (SBIR) ይባላል፣ ወንድሙ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣምሮ የሚሰራበት ኤስቲቲአር (STTR)። የመጀመሪያው በ1982 በወጣ ህግ የመጣ ነው፣ ሁለተኛው በ1992 ተጨመረ (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሌሎችን ለሚያሰራው ሪሰርች የሚያወጣ የፌደራል መስሪያ ቤት ከዛ ብር ላይ ቢያንስ 3.2 ፐርሰንቱን ለትናንሽ ካምፓኒዎች እንዲያውል ህጉ ያስገድደዋል። ብድር አይደለም አትመልሱትም፣ ሼርም አይወስዱባችሁም። ናሳ ጋ ደግሞ የሚሰጣችሁ ኮንትራት ነው፣ ይሄን እሰራለሁ ብላችሁ ትፈርማላችሁ፣ ሪፖርት ባስረከባችሁ ቁጥር በየደረጃው ይከፈላችኋል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት እዩ። ፕሮግራሙ እንዲኖር የሚፈቅደው ህግ በየጥቂት አመቱ በኮንግረስ መታደስ አለበት፣ በ2022 የታደሰው በመጨረሻዋ ቀን ነበር፣ የዛን ጊዜ የተሰጠው እድሜ ደግሞ ሴፕቴምበር 30 2025 ሳይታደስ አለፈ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የናሳን የኤስቢአይአር ገጽ ከፍታችሁ የማመልከቻ ጥሪ መውጣት አለመውጣቱን አረጋግጡ፣ ከታች የምጠቅሳቸውን ቁጥሮችም ከአዲሱ የጥሪ ሰነድ ጋር አስተያዩ። ጥሪ ባይኖር እንኳን ከታች ከምዘረዝረው ስራ ግማሹ ያለ ጥሪ የሚሰራ ነው፣ እንደውም በደንብ የሚሰራው ያኔ ነው።

ደረጃዎቹ ሶስት ናቸው። ፌዝ 1 ሀሳቡ ያስኬዳል ወይ የሚለውን የምታሳዩበት ነው፣ ናሳ በቅርብ አመታት ለዚህ እስከ 150,000 ዶላር ሲሰጥ ነበር፣ ጊዜው ለኤስቢአይአር 6 ወር ነው። እሱን በደንብ የጨረሰ ብቻ ፌዝ 2 ይጠይቃል፣ እሱ እስከ 850,000 ዶላር በ24 ወር ነው፣ እዛ ጋ እውነተኛ ፕሮቶታይፕ ይጠበቃል። ፌዝ 3 ላይ ከፕሮግራሙ የሚወጣ ብር የለም፣ ናሳ ራሱ ከሌላ ባጀት ወይ ሌላ መስሪያ ቤት ወይ የግል ካምፓኒ ይገዛችኋል ማለት ነው፣ ትልቁ ጥቅም ደግሞ መንግስት የጀመራችሁትን ስራ ለማስቀጠል ሌላ ጨረታ ሳያወጣ በቀጥታ ከናንተ ጋር መዋዋል ይችላል። ብዙ ሰው 150,000ውን ብቻ ያያል፣ ዋናው ነገር ግን ያለው ፌዝ 3 ላይ ነው።

ይሄ ህልም እንዳይመስላችሁ፣ ሀኒቢ ሮቦቲክስ የሚባለው ኒውዮርክ የተጀመረ ካምፓኒ በዚህ ፕሮግራም ያደገ ነው፣ በ2004 ማርስ ላይ ያረፉት ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ ድንጋይ የሚፍቁበትን መሳሪያ የሰራው እሱ ነው። ሜድ ኢን ስፔስ በ2010 ተመሰረተ፣ በ2014 ስፔስ ስቴሽን ላይ የመጀመሪያውን 3ዲ ፕሪንተር አሰራ። አድቫንስድ ስፔስ የሚባለው የኮሎራዶ ካምፓኒ ደግሞ በኤስቢአይአር የጀመረውን የናቪጌሽን ሶፍትዌር ይዞ ካፕስቶን የምትባል 25 ኪሎ አካባቢ የምትመዝን ሳተላይት ጁን 2022 ላይ ወደ ጨረቃ ላከ፣ ኖቬምበር ላይ ምህዋሯ ውስጥ ገባች። ልብ በሉ፣ እነዚህ አንዳቸውም ሮኬት አልሰሩም፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጠባብ ችግር ይዘው ነው የገቡት።

ማን ይችላል ለሚለው፣ ካምፓኒው ለትርፍ የተቋቋመና አሜሪካ ያለ መሆን አለበት፣ ከ500 ሰው በላይ መቅጠር የለበትም፣ ከግማሽ በላይ ባለቤትነቱ የዜጋ ወይ የግሪን ካርድ ባለቤት መሆን አለበት። አዎ ግሪን ካርድ ይበቃል፣ ሲቲዝን እስክሆን ልጠብቅ የምትሉ አትጠብቁ። ኤች ዋን ቢ ላይ ያላችሁ ግን በባለቤትነቱ አትቆጠሩም፣ አብዛኛውን ድርሻ የሚይዝ ሌላ ሰው ያስፈልጋችኋል። ቀጥሎ ሰው ሁሉ የሚያደናቅፈው ነጥብ አለ፣ ሪሰርቹን የሚመራው ሰው ማለትም ፒአይ የሚባለው ኮንትራቱ በሚሰራበት ጊዜ ዋና ስራው ካምፓኒው ውስጥ መሆን አለበት። ይሄ ማለት ሲያመለክቱ አሁን ያሉበትን ስራ መልቀቅ ግዴታ አይደለም፣ ካሸነፉ ግን ሙሉ ጊዜ ሌላ ቦታ እየሰሩ ማታ ማታ እመራዋለሁ አይሰራም። ከትዳር አጋራችሁ ጋር ይሄን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ኢንሹራንሱ በማን በኩል እንደሚሆን ጭምር።

አሁን ወረቀቱ። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" የሚባለው ለዚህ ነው። ጥሪው ከወጣ በኋላ ምዝገባ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ አይደርስበትም። ካምፓኒውን በስቴታችሁ አስመዝግቡ፣ ኢአይኤን የሚባለውን የካምፓኒ የታክስ ቁጥር ከአይአርኤስ አውጡ፣ የቢዝነስ ባንክ አካውንት ክፈቱ፣ ከዛ ከመንግስት ጋር የሚዋዋሉ ካምፓኒዎች የሚመዘገቡበት ሳም ዶት ጎቭ (sam.gov) ገብታችሁ ተመዝገቡ። ሳም 12 ፊደልና ቁጥር ያለው ዩኢአይ የሚባል መለያ ይሰጣችኋል። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ የካምፓኒው ስምና አድራሻ ስቴቱ በሰጣችሁ ወረቀት ላይ ካለው ጋር አንድ አይነት መሆን አለበት፣ ኮማዋ፣ "ስዊት" የሚለው ቃል፣ ኤልኤልሲ በነጥብ ወይ ያለ ነጥብ፣ ትንሽ ከተለየ ማረጋገጫው ይመለስና ሳምንታት ይበላል። ሳም ሲያልቅ ኤስቢአይአር ዶት ጎቭ ላይ ኤስቢኤ የሚባለው የትናንሽ ቢዝነሶች መስሪያ ቤት የካምፓኒ መዝገብ አለ እሱን ትሞላላችሁ፣ በመጨረሻ የናሳ የራሱ ማስገቢያ ሲስተም ላይ አካውንት ትከፍታላችሁ። ሳም በየአመቱ ይታደሳል፣ ካላንደራችሁ ላይ ጻፉት።

ይሄ ሁሉ በነጻ ነው። ሳም ላይ ስማችሁ በወጣ በቀናት ውስጥ "ምዝገባችሁ ሊቋረጥ ነው፣ በ600 ዶላር እናድስላችኋለን" አይነት ኢሜልና ስልክ ይጎርፋል፣ የመንግስት ማህተም የሚመስል ነገር ለጥፈው ይልኩታል። አትክፈሉ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። እርዳታ ከፈለጋችሁ ኤፔክስ አክስለሬተር የሚባሉ በየስቴቱ ያሉ ቢሮዎች አሉ፣ ድሮ ፒታክ የሚባሉት ናቸው፣ በነጻ ቁጭ ብለው አብረዋችሁ ይሞላሉ።

ወረቀቱ በሂደት ላይ እያለ ወደ ዋናው ስራ። ናሳ ያላችሁን የፈጠራ ሀሳብ አምጡ አይልም፣ የራሱን ችግር ነው የሚዘረዝረው። የጥሪ ሰነዱ በቶፒክና በሰብቶፒክ የተከፋፈለ ነው፣ እያንዳንዱ ሰብቶፒክ ምን እንደሚፈልጉ፣ አሁን ያለው ቴክኖሎጂ የት እንደደረሰ፣ ምን እንደጎደለ፣ ከየትኛው ቲአርኤል ተነስቶ የትኛው መድረስ እንዳለበት ይጽፋል። ቲአርኤል ማለት የአንድ ቴክኖሎጂ ብስለት ከ1 እስከ 9 የሚለካበት ነው፣ 1 ወረቀት ላይ ያለ ሀሳብ፣ 9 ህዋ ላይ ሄዶ የሰራ። ያለፉት አመታት ጥሪዎች ኢንተርኔት ላይ አሉ፣ ችግሮቹ ደግሞ በአንድ አመት አያልቁም፣ ብዙዎቹ በሚቀጥለውም ትንሽ ተቀይረው ይመጣሉ። ስለዚህ ያለፉትን ሁለት ሶስት አመት ጥሪ አውርዱና ከስራችሁ ጋር የሚነካካውን ፈልጉ። ኤችቫክ (የህንጻ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ) የምትሰሩ ካላችሁ የሙቀት መቆጣጠሪያ ሰብቶፒክ አለ፣ ቴሌኮም የሰራችሁ ኮሚኒኬሽን አለ፣ ሶፍትዌር ከሆነ ኦቶኖሚ፣ የኤር ትራፊክ ሲሙሌሽን ምናምን፣ ናሳ'ኮ አቪየሽንም ስራው ነው ሰው ይረሳዋል እንጂ።

ከዛ ማን ምን እንደተሰጠው እዩ። ኤስቢአይአር ዶት ጎቭ ላይ የተሸለሙት ሁሉ አጭር መግለጫ ከነካምፓኒው ስም አለ፣ ቴክፖርት የሚባለው የናሳ ዳታቤዝ ላይ ደግሞ እየተሰሩ ያሉ ፕሮጀክቶች አሉ፣ ኤንቲአርኤስ ላይ የናሳ ቴክኒካል ሪፖርቶች በነጻ ይወርዳሉ። እነዚህን ሶስቱን ሳያይ ፕሮፖዛል የሚጽፍ ሰው አስር አመት በፊት የተሰራ ነገር "አዲስ" ብሎ ያቀርባል፣ ገምጋሚው ደግሞ ያንን የሰራው ሰው ራሱ ሊሆን ይችላል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድና በቅርበት እንየው፣ የጨረቃ አቧራ። ጨረቃ ላይ ንፋስና ውሃ ስለሌለ አቧራው ጠርዙ አልተሞረደም፣ እንደ ተሰባበረ ብርጭቆ ነው፣ ኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሚይዝም ያገኘው ነገር ላይ ይለጠፋል። በ1972 አፖሎ 17 ላይ የጠፈርተኞቹን ልብስ መገጣጠሚያ አስቸግሯል፣ ጓንታቸውን ፍቆታል፣ ከጠፈርተኞቹ አንዱን ጃክ ሽሚትን እንደ አለርጂ አፍንጫውን ዘግቶታል። አሁን ናሳ ተመልሶ ደቡብ ዋልታው ላይ ሊቆይ ስለሚፈልግ ይሄ አቧራ ከዋና ራስ ምታቶቹ አንዱ ነው። እንበልና እናንተ ፋብሪካ ውስጥ የሚሽከረከር ዘንግ ላይ የሚገጠም ማሸጊያ፣ ሲል የሚባለውን፣ ስትሰሩ የኖራችሁ ሜካኒካል ኢንጂነር ናችሁ። ፕሮፖዛላችሁ "አቧራ የማያስገባ ዘመናዊ ሲል እንሰራለን" ካለ አለቀለት፣ ማንም ሊለው የሚችል ነገር ነው። መሆን ያለበት እንዲህ ነው (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው)፣ "ይሄ ማሸጊያ ቫኪዩም ቻምበር (አየሩ የወጣለት የሙከራ ሳጥን) ውስጥ በአርቲፊሻል የጨረቃ አፈር ተቀብሮ 10,000 ጊዜ ከዞረ በኋላ ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ከ20 ፐርሰንት በላይ ካልጨመረ ሀሳባችን ያስኬዳል፣ ከጨመረ አያስኬድም"። ገምጋሚው 6 ወር ሲያልቅ መልሱን በምን እንደሚያውቅ ታየው ማለት ነው።

ዝርዝሩ ላይ ነው ሰው የሚለየው። አርቲፊሻል አፈሩ ሲሙላንት ይባላል፣ ተገዝቶ የሚገኝ ነገር ነው፣ ግን አይነት አለው። ጄኤስሲ 1ኤ የሚባለው ስመ ጥሩ ከአሪዞና እሳተ ገሞራ አመድ የተሰራ ነው፣ የሚመስለው ከመሬት ጠቆር ብለው የሚታዩትን የጨረቃ ሜዳዎች ነው። ደቡብ ዋልታው ግን ደጋ ነው፣ ድንጋዩ ሌላ ነው፣ ስለዚህ የሃይላንድ ሲሙላንት ነው መጠቀም ያለባችሁ። ይሄን በአንድ አረፍተ ነገር የጻፈ ሰው ጉዳዩን እንደሚያውቅ ወዲያው ይታያል። ሙቀቱም እንደዛው፣ እዛ ፀሀይ ፈጽሞ የማያያቸው ጉድጓዶች ውስጥ ከዜሮ በታች 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፣ እዚህ ጋራዥ ውስጥ የለመድነው ጎማ እዛ እንደ ድንጋይ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ ማቴሪያላችሁ ምን እንደሆነና ለምን እንደመረጣችሁት በግልጽ ጻፉ። ደግሞም ናሳ ራሱ ምን አለው የሚለውን አትዝለሉ፣ ኬኔዲ ስፔስ ሴንተር በኤሌክትሪክ ፊልድ አቧራ የሚያራግፍ ቴክኖሎጂ ሰርቶ በማርች 2025 ብሉ ጎስት የሚባለው የግል መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ሲያርፍ እዛው ተሞክሯል። የናንተው ከእሱ በምን ይለያል? ወይስ አብሮት ነው የሚሰራው? ሳይጠይቋችሁ መልሱ።

ከዛ ሰዎቹን አናግሩ፣ ይሄን በጣም ነው የምለምናችሁ። ጥሪው ከመውጣቱ በፊት በዛ ችግር ላይ ለሚሰሩ የናሳ ኢንጂነሮች አጭር ኢሜል መጻፍ ይቻላል፣ ስማቸው ቴክኒካል ሪፖርቶቹ ላይ አለ። ኮንፈረንስ ላይም ይገኛሉ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁማ የናሳ ማዕከሎቹ ጎዳርድ ግሪንቤልት ነው፣ ላንግሊ ሀምፕተን ነው፣ ቅርባችሁ ናቸው። "ምን ላቅርብ" ብላችሁ አትጠይቁ፣ "እኔ ይሄን እሰራለሁ፣ የናንተን ሪፖርት አንብቤ እዚህ ጋ ችግሩ ማሸጊያው ነው ወይስ ቤሪንጉ አልገባኝም" ብላችሁ ጠይቁ፣ ስራውን የሚወድ ሰው ለእንዲህ አይነት ጥያቄ ይመልሳል። ጥሪው ከተከፈተ በኋላ ግን ስለ ሰብቶፒኩ ቀጥታ ማውራት ይከለከላል፣ ጥያቄ በሄልፕ ዴስክ ብቻ ይሆናል። እኛ አክብሮት እየመሰለን ትልቅ ሰው አናስቸግርም ብለን ዝም እንላለን፣ እዚህ ግን ዝምታው የሚጎዳው እኛኑ ነው።

ሲጻፍ ገምጋሚዎቹ የሚያዩት ቴክኒካል ብቃቱን፣ የቡድኑን ልምድና መሳሪያ፣ የስራ እቅዱንና የገበያ ተስፋውን ነው። የገጽ ገደብ አለ፣ ካለፋችሁ ትርፉ አይነበብም። እቅዱን በሳምንት በሳምንት ከፋፍሉት፣ ማን ስንት ሰአት እንደሚሰራ፣ ሲሙላንቱ መቼ እንደሚመጣ፣ ቫኪዩም ቻምበሩ የማን እንደሆነ ይታይ፣ የራሳችሁ ከሌለ ዩኒቨርሲቲ ወይ የቴስት ላብ ተከራይታችሁ ደብዳቤ አያይዙ። ባጀቱ ላይ የራሳችሁን ደሞዝ አስገቡ፣ አታሳንሱት፣ ኦቨርሄድና ተመጣጣኝ ትርፍም ይፈቀዳል። ኤስቢአይአር ፌዝ 1 ላይ ከስራው ሁለት ሶስተኛው በካምፓኒው ራሱ መሰራት አለበት፣ ፌዝ 2 ላይ ግማሹ፣ ስለዚህ ሁሉን ለሌላ ሰጥቶ አስተባባሪ መሆን አይቻልም።

ገበያው ላይ ብዙ ኢንጂነር ሰነፍ ነው። "የህዋ ኢንዱስትሪ በጣም እያደገ ነው" ማንንም አያሳምንም። ለማሸጊያው ምሳሌያችን ገዢ ማነው? ለናሳ እቃ ወደ ጨረቃ የሚያጓጉዙ የግል ካምፓኒዎች አሉ፣ ኢንቱዊቲቭ ማሽንስ፣ ፋየርፍላይ፣ አስትሮቦቲክ፣ አንዳቸው "ይሄ ቢሰራ እንፈልገዋለን" የሚል ደብዳቤ ቢጽፉላችሁ ከአስር ገጽ ትንታኔ ይበልጣል። መሬት ላይ ደግሞ ማዕድን ማውጫ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ የእርሻ ማሽን አለ፣ አቧራ ማሸጊያ የማያጠፋበት ቦታ የለም።

ላብራቶሪ የሌላችሁ ወይ ሪሰርቹን የሚመራው ሰው ዩኒቨርሲቲ የሚሰራ ከሆነ ኤስቲቲአርን እዩ። እሱ ላይ ካምፓኒው ቢያንስ 40 ፐርሰንት፣ ዩኒቨርሲቲው ቢያንስ 30 ፐርሰንት ይሰራል፣ ፌዝ 1 ጊዜውም ይረዝማል፣ ከአመት ትንሽ ያልፋል። ሃዋርድ፣ ሞርጋን ስቴት፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የምታውቁት ፕሮፌሰር ካለ ቡና ጋብዙት። የፈጠራው ባለቤትነት እንዴት እንደሚከፋፈል ግን ስራ ሳይጀመር በጽሁፍ ተፈራረሙ፣ ዘመድም ቢሆን ጓደኛም ቢሆን። በካምፓኒውና በመንግስት መሀል ያለው ግን ግልጽ ነው፣ ፓተንቱ የናንተ ነው፣ መንግስት ለራሱ ስራ ያለ ክፍያ የመጠቀም መብት አለው፣ ቴክኒካል ዳታችሁም ከሽልማቱ ቀን ጀምሮ ለ20 አመት ይጠበቅላችኋል።

እኛን በተለይ የሚመለከት አንድ ከባድ ነገር አለ። ሪሰርቹ አሜሪካ ውስጥ መሰራት አለበት፣ በተጨማሪም የህዋ ቴክኖሎጂ ብዙው ኢታር ወይ ኢኤአር በሚባሉ የኤክስፖርት ህጎች ስር ነው። አዲስ አበባ ያለ ጎበዝ የአጎታችሁ ልጅ ካድ ይሰራልኛል ብላችሁ ድሮዊንጉን በቴሌግራም ከላካችሁለት፣ ያ በህግ ፊት ኤክስፖርት ሊሆን ይችላል፣ ቅጣቱም የዋዛ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቢሆንም ግሪን ካርድ የሌለው ሰው ዳታውን ቢያይ እንደዛው ሊቆጠር ይችላል። ከ2022ቱ ህግ ጀምሮ ደግሞ ካምፓኒው ከውጭ አገር ጋር ያለውን ግንኙነት መግለጽ ግዴታ ነው። ስለዚህ ልጁን መርዳት ከፈለጋችሁ በሌላ መንገድ እርዱት፣ ለምሳሌ ናሳ በየአመቱ የሚያዘጋጀው ስፔስ አፕስ ቻሌንጅ ለሁሉም አገር ክፍት ነው፣ የናሳ የሳተላይት ዳታም ኤንቲአርኤስ ላይ ያሉት ሪፖርቶችም ለማንም ናቸው፣ ለሱ እነሱን ላኩለት።

የመጀመሪያው ፕሮፖዛል ብዙውን ጊዜ አያልፍም። ውጤቱ ሲመጣ ዲብሪፍ ጠይቁ፣ የገምጋሚዎቹን አስተያየት የማግኘት መብት አላችሁ፣ ጊዜ ገደብ ስላለው ኢሜሉ በደረሰ ሰሞን ጠይቁ። አስተያየቱን አንብባችሁ ቴክኒካል ነው የተባለው ችግር ወይስ የቡድን ወይስ የገበያ ለዩት። ቴክኒካል ከሆነ ትንሽ ሙከራ በራሳችሁ ኪስ ሰርታችሁ ዳታ ይዛችሁ ተመለሱ፣ የቡድን ከሆነ የጎደለውን ሙያ ያለው ሰው በኮንሰልታንትነት ጨምሩ፣ የገበያ ከሆነ ደግሞ ስልክ አንስታችሁ ገዢ ሊሆኑ የሚችሉትን አናግሩ። ያው ሰብቶፒክ በሚቀጥለው ጥሪ ሲመጣ ወረቀታችሁ አልቋል፣ ሳም ታድሷል፣ ከመጀመሪያው የተረፈው ፋይል እጃችሁ ላይ አለ፣ የሚቀረው እሱን ማስተካከል ብቻ ነው።